በኪሎ የማይመዘን ብረት

አንድ አሮጌ ማሽን ለባለቤቱ ሸክም በሆነ ጊዜ ወደ ደጁ ቀድሞ የሚደርሰው ጠጋኝ ሳይሆን ባለሚዛን ነው፤ በየካ መንደሮች ማለዳ ማለዳ ድምፁን እያሰማ የሚያልፈው ቆራሌው ቶርኖውንም፣ ፍሬዛውንም፣ የእንጨት መሰንጠቂያውንም በኪሎ ገምቶ ለማቅለጫ ይወስደዋልና። እኔ ግን በኮተቤ መንገድ ዳር የብሉያት ማሽኖችን ተሐድሶ ሙያዬ አድርጌ ስኖር፣ የእነዚህ ብረቶች ዋጋ በክብደታቸው ሳይሆን በርጋታቸው መሆኑን ለሚሰማኝ ሁሉ ከመናገር አልቦዝንም።

ስለምን ቢሉ፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት በሚበርድበት ጊዜ ስሱ ወገን ቀድሞ፣ ወፍራሙም ዘግይቶ ስለሚረጋ በውስጡ ስውር ውጥረት ይቀራል። ከቀድሞ ሠሪዎች ብዙዎቹ ይህን ዐውቀው፣ ቅርጹ ከወጣ በኋላ ለወራት በደጅ ለፀሐይና ለዝናብ ትተውት፣ መጣመም የሚገባውን ያህል ተጣሞ ሲያበቃ ነበር ወደ መላጊያ የሚያስገቡት። ከዚያ ወዲህ ዐምሳና ስድሳ ዓመት የሠራውን አካል በእሳት አቅልጦ ፌሮ ማድረግ፣ ጊዜ የሠራውን ሥራ ማፍረስ ነው።

ጉዳቱም ቢሆን ሥርዓት አለው። በቶርኖ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው አጭር ስለሆነ፣ መቁረጫውን የተሸከመው ክፍል የሚመላለስበት ሐዲድ ሥራውን ጨብጦ ከሚያዞረው ማንድሪን አጠገብ ይበላል፣ የሩቁ ጫፍ ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይኖራል፤ ስለዚህ ጠጋኙ ያን ያልተበላ ጫፍ ምስክር አድርጎ፣ ቀለም የተቀባ ቀጥ ያለ መለኪያ በሐዲዱ ላይ እየሳበ፣ ቀለሙ የነካውን ከፍታ ብቻ በእጅ መፋቂያ ጥቂት በጥቂት ዝቅ ያደርገዋል። ከሱባኤ የማያንስ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዝገቱንም ቢሆን በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ በሽቦ ብሩሽ ማስለቀቅ ይበቃል፤ ሐዲዱን በዲስክ አንጸባርቆና ቀለም ቀብቶ ታድሷል ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን ምስክሩን ጭምር ያጠፋዋልና ማሽኑን ገድሎታል።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን ከአሜሪካ የመጣው ማሽን ለ60 የተሠራ በመሆኑ፣ በደቂቃ 1,800 ገደማ ይዞር የነበረው እዚህ 1,500 ገደማ ብቻ ይዞራል፤ ለዚህም መፍትሔው ብዙ ጊዜ የሞተሩን ፑሌጃ በአምስተኛ እጅ ማስፋት ነው። ደግሞም በሞተር ላይ የሚጻፈው ኃይል እንደ ደንቡ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ላለ አየር የተወሰነ ነው፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ በተቀመጥንበት በእንጦጦ ግርጌ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ እንደሚገባው አይበርድም። በሰፊ አካልና በብዙ መዳብ የተሠራው የዱሮ ሞተር ይህን ሲችለው፣ ጠባቡ ሐዲስ ሞተር ተቃጥሎ ወደ ጥቅለላ ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከሞተሩ ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ልለፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በደፉበት ዘመን የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ ነበር፤ በኋላ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ዛሬ ከመሰንጠቂያ ቤቶች ደጅ ተከምሮ ይታያል። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ብረትን የሚያጠቁር ጭማቂ ስላለው፣ ሰጋቱራው በጠረጴዛውና በኩሽኔታው ላይ ካደረ ዝገትን ያመጣል፤ በየማታው መጥረግና ዘይት መቀባት ከእኔ ተሐድሶ ይልቅ ዕድሜ ያረዝማል። መከለያው የጠፋበትን መሰንጠቂያ ግን ባለቤቱ ቢቸኩልም አዲስ መከለያ ሳልሠራለት አላስረክብም፤ የሠራተኛው ጣት ጥገና የለውምና።

አካሉ ከመሠረቱ የተሰነጠቀውን እኔም ለሚዛን እሰጠዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን ጥርሶቹን፣ የነሐስ ቡሾቹንና ረጃጅም ቪቶቹን ፈትቼ አስቀራለሁ፤ የዚያው ፋብሪካ ልጅ የሆነ ሌላ ማሽን በአንዲት ጥርስ ምክንያት ቆሞ ሊመጣ ይችላል።