38 መጻሕፍት፣ ዜሮ ውጤት

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ከአያቱ ጋር አማርኛ እንደ ልቡ የሚያወራ፣ ሲያነብ ግን ፊደል በፊደል የሚቆጥር ልጅ ነው። ባለፈው መስከረም እናቱ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስታወራ ሰምቶ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ርዕሱን በስልኩ ኪቦርድ ጻፈ። «ምንም ውጤት አልተገኘም» አለው።

«የአማርኛ መጽሐፍ የላችሁም አይደል?» ብሎ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ጠየቃቸው። እሳቸውም ምንም ሳይመልሱ ተነሥተው ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ወሰዱት። 38 የአማርኛ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ፍቅር እስከ መቃብርም ከላይኛው ረድፍ ላይ አለ።

በማግስቱ በእህቴ በኩል ኢሜይል ደረሰኝ። ሴትዮዋ አማርኛ አይችሉም፣ ኮድም አይጽፉም። ጥያቄያቸው ግን ሥራ ቦታ ከሚደርሱኝ ብዙ ጥያቄዎች የጠራ ነበር፦ መጽሐፉ አለ፣ አንባቢው አለ፣ መሃል ላይ የቆመው ምንድን ነው?

መሃል ላይ የቆመው ማርክ ነው። ማርክ የመጽሐፍን መረጃ ኮምፒውተር እንዲያነበው የሚያደርግ ፎርማት ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄንሪየት አቭራም በተባሉ ፕሮግራመር መሪነት ተሠራ። ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙበታል። የማርክ የቀድሞው የፊደል ስብስብ ዐረብኛን፣ ዕብራይስጥንና ቻይንኛን ሲይዝ የኛን ፊደል አልያዘም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እንደ አውሮፓውያን በ1999 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ርዕስ በላቲን ፊደል ሲመዘገብ ኖረ፤ ለዚያውም ልጆቻችን በቻት በማያውቁት ሕግ። እነሱ «ፍቅር»ን በኤፍ፣ አይ፣ ኬ ይጀምራሉ። ካታሎጉ ግን ኤፍ፣ ኢ፣ ኪው ይላል። ርዕሱ በራሱ ፊደል የሚገባበት መስክ አለ፣ ቁጥሩ 880 ነው። በ38ቱም መጻሕፍት ላይ ባዶ ነበር።

እኔ እንደ ልማዴ ከላቲን ወደ ግዕዝ ፊደል የሚመልስ ኮድ ልጽፍ ተነሣሁ። ከላቲኑ ፊደላት ላይ ነጥብና ጭረቱ ረግፎ ስለነበር ኮዱ ጸን ከሰ መለየት አቃተው። ሁለት ምሽት አባከንኩ። ሴትዮዋ ሦስት አማርኛ የሚናገሩ ተማሪዎች ጠርተው፣ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው፣ «ሽፋኑን እያያችሁ ርዕሱን ጻፉልኝ» አሏቸው። በምሳ ሰዓት በአንድ ሳምንት አለቀ። የእህቴ ልጅ ሽፋን ሲያነብ ቆይቶ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ የጀመረው ያኔ ነው። ለእናቱ የነገራት ግን «ዳታ እያስገባሁ ነው» ብሎ ነው።

ሦስቱ ልጆች የጻፉትን ሳነጻጽር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንዱ «ፀሐይ»፣ አንዷ «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ» ብለዋል። ሞክሼ ፊደላቱን ብንቆጥር ይህች አንዲት ቃል ቢያንስ 12 ዓይነት አጻጻፍ አላት። ለኮምፒውተር ደግሞ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ራሱ፣ ቃሉ ሲነጣጠል፣ ሲገጥምና በጭረት ሲያያዝ ከተቆጠረ፣ 18 ይደርሳል።

መፍትሔው ለኮድ ጸሐፊ ቀላል ነው። ዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን በስምንት በስምንት ቦታ ስለተደረደሩ ልዩነቱ የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው። ከሐ ቤት 16 ስትቀንሱ ሀ ቤት ትገባላችሁ፤ ሠ ላይ 16 ስትጨምሩ ሰ፤ ከፀ 8 ስትቀንሱ ጸ፤ ከዐ 48 ስትቀንሱ አ ታገኛላችሁ። ኀ ከሀ 128 ርቃ ተቀምጣለች። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ፣ ሁለት ነጥቡን፣ ጭረቱንና ባዶ ቦታውን ማውጣት ነው። ይህ የሚደረገው ግን ለፍለጋው ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ደራሲው ያሳተመው አጻጻፍ ይሁን። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ብለው የሚቆረቆሩ አባቶች እውነት አላቸው። ፍለጋ ላይ ግን አንድ ትርፍ ውጤት ከባዶ ገጽ ይሻላል።

የሠራሁት አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ ነው። ሰርቨር የለውም፣ ስልክ ላይ ይከፈታል። ኪውአር ኮዱ መደርደሪያው ላይ ተለጠፈ። ልጆቹ የሚፈልጉትን ቃል የሚመዘግብ ትንሽ ኮድም ጨምሬ ነበር፤ ለማሻሻል ይጠቅመኛል ብዬ። ኃላፊዋ አስወጡኝ። ልጅ ምን ማንበብ እንደፈለገ የእሱ ጉዳይ ነው፣ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ደንብም ይኸው ነው አሉኝ። መጀመሪያ ተከፋሁ። ኮዱን ግን አጠፋሁት።

እኚህ ሴት ሥራ ሲጀምሩ ካታሎጉ በእንጨት መሳቢያ የተደረደረ ካርድ ነበር። ዘንድሮ ቻትቦት ይሞክራሉ። ለ15 ዓመት ልጅ የሚሆኑ የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝርልኝ ቢሉት ቆንጆ ዝርዝር ሰጣቸው፤ ገሚሱ በዓለም የሌለ መጽሐፍ ነበር። ዝርዝሩን አትመው ለተማሪዎቹ ሰጡና እውነተኛውን ከፈጠራው እንዲለዩ አደረጓቸው።

የእህቴ ልጅ ፍቅር እስከ መቃብርን ተውሶ 20 ገጽ ሳይሞላ መለሰው። አልፈርድበትም፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ወፍራም ልብ ወለድ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ተራራ ነው። የሁለት ቋንቋ የተረት መጻሕፍቱ ደግሞ የሕፃን ናቸው ብሎ አፈረባቸው። ከሁለቱ መሃል ያለው መደርደሪያ ነው ባዶ የሆነው። ኃላፊዋ ይህን ሲያዩ የኤታን ኮሚክስን «ጀምበር» አዘዙ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የታተመ የልዕለ ኃያል ኮሚክ ነው። ልጁ የአማርኛውን ወሰደ። ሁለት ጊዜ አሳድሶ አሁንም አልመለሰም።

ባለፈው ሐሙስ የስልክ ስክሪን ፎቶ ላኩልኝ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ኮሚኩን ፈልጋ «ጀንበር» ብላ ጻፈች፤ ትክክል ናት፣ በሁለቱም ይጻፋል። ገጹ «ምንም ውጤት አልተገኘም» አላት። ከበ በፊት የመጣን ን ወደ ም የሚቀይር መስመር ዛሬ ማታ እጨምራለሁ።