ለደከመ እጅ የሚሆን ሽጉጥ፦ ተረትና እውነታ

አጎቴ በዋግ፣ ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ወጣ ባለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የሁለቱም እጃቸው የጣት አንጓዎች አብጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት እርፍ መጨበጥ ቀርቶ የቡና ስኒ ማንሳት ያቅታቸዋል። ፈቃድ ያወጡበት አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ አላቸው። ለጥምቀት ስሄድ ሊወለውሉት ከሣጥን አወጡት። ካዝናውን ነቀሉና በርሜሉ ውስጥ የቀረ ጥይት እንዳለ ለማየት የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሊስቡ ሞከሩ። አልሳብ አላቸው። ጣታቸው አዳለጠ። ጉልበት ለማግኘት ሽጉጡን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ወደ ጎን አዞሩት፤ አፈሙዙም ከግድግዳው ተነሥቶ በራፍ ላይ ባቄላ ትፈለፍል የነበረች የልጅ ልጃቸው ላይ አረፈ።

ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን ያወቅነው ግን ብረቱን ተቀብዬ ከሳብኩት በኋላ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ጎረቤት ተሰብስቦ ምክሩን አዘነበው፤ አብዛኛው ምክር ደግሞ ሰው የሚያስገድል ነበር። እጁ በቁርጥማት የደከመ ሰው የሚፈተነው ሲተኩስ ብቻ አይደለም። ሲያቀባብል፣ ሲያራግፍ፣ ባዶ መሆኑን ሲያይ ይፈተናል፤ አፈሙዝ የሚስተውም ያኔ ነው።

«ለደከመ እጅ ትንሽ ሽጉጥ ይሻላል» ይባላል። በጣም የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው። ትንሽ ሽጉጥ ለኪስ ይቀላል እንጂ ለእጅ አይቀልም። ክብደቱ ሲያንስ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ምት በእጅ ላይ ይበረታል፤ እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፤ የሚሳበው ብረትም ስለሚያጥር ለያዡ ቦታ አይተርፈውም። ከሁሉም በላይ ሞላው ይጠጥራል። ማካሮቭን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት በ1951 እ.ኤ.አ. ለጦሯ የተቀበለችው፣ 730 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ነው። በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተተከለ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ጥይቱ ሲፈነዳ የላይኛውን ብረት የሚያዘገየው የብረቱ የራሱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞላው ጠንካራ እንዲሆን ግድ ነው። የጀርመኑ ዋልተር ፒፒኬም እንደዚሁ ነው። በአንጻሩ በርሜሉና የላይኛው ብረት ተቆላልፈው ጥቂት አብረው ተጉዘው የሚለያዩበት አሠራር ያላቸው ሽጉጦች ለስላሳ ሞላ ይበቃቸዋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2018 እ.ኤ.አ. ሺልድ ኢዚ የሚባለውን ሽጉጥ እጃቸው ለደከመ ሰዎች ጭምር አስቦ ሲያወጣ ጥይቱን አጭሩን ዘጠኝ ሚሊ አደረገ፤ አሠራሩን ግን ተቆላላፊውን መረጠ። ልዩነቱን ያመጣው የጥይቱ ማነስ ብቻ አይደለም። ሙሉ መጠን ያለው፣ ክብደት ያለው፣ ሞላው ለስላሳ የሆነ ሽጉጥ ለአጎቴ እጅ ከማካሮቭ ይቀል ነበር።

ማካሮቭ ሌላም ጣጣ አለው። ካዝናውን የሚለቀው መያዣ እጀታው ግርጌ ነው፤ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ገፍቶ በሌላው እጅ ካዝናውን መሳብ ይጠይቃል። መቆለፊያው ሲቆለፍ የላይኛው ብረትም አብሮ ስለሚቆለፍ፣ ሳይከፍቱት ማቀባበልም ማራገፍም አይቻልም። አጎቴ መጀመሪያ አልሳብ ያላቸው ከዚህ የተነሣ እንደሆነ ጠርጥሬ አየሁት፤ ተከፍቷል። ያቃታቸው ሞላው ነው።

«እንግዲያው ስድስት ጎራሹን ይያዙ፤ ማቀባበል የለበትም» ያሉም ነበሩ። ግማሹ እውነት ነው፤ ከበሮ ያለው ሽጉጥ የሚሳብ ብረት የለውም፤ ባዶ መሆኑም ከበሮውን ከፍቶ በዓይን ይታያል። ግማሹ ግን ተረት ነው። መምቻውን አስቀድሞ ካልሳቡት ምላጩ ከበሮውን ማዞርም መምቻውን ማንሳትም ስላለበት ብዙውን ጊዜ እስከ አምስት ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ይፈልጋል። አምስት ኪሎ ጤፍ የያዘ ከረጢት በአንድ ያበጠ ጣት ማንሳት ማለት ነው። መምቻውን በአውራ ጣት ቢስቡት ምላጩ በጣም ይቀላል፤ ነገር ግን የአውራ ጣት ሥር መገጣጠሚያ በዕድሜ ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ነው፤ ሳይተኩሱ መምቻውን ቀስ አድርጎ መመለስም በሚንቀጠቀጥ እጅ አይሞከርም። ግማሽ ኪሎ የማይሞሉት ጥቃቅኖቹ ስድስት ጎራሾች ደግሞ ምታቸው ለታመመ አንጓ ቅጣት ነው።

ከዚያ ምሽት ያስደነገጠኝ ምክር የሞላው ነገር ነው። «ለቀጥቃጭ ሰጥቶ ከሞላው አንድ ሁለት ዙር ማስቆረጥ ነው፤ ቅቤ ይሆናል» አለ አንድ ጎልማሳ፤ ተናግሮም ራሱን በእርግጠኝነት ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም እንዳያደርግ እለምናለሁ። ማካሮቭን በመሰለ ሽጉጥ ሞላው ሲያጥር ብረቱ ፈጥኖ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀለሁ የባሩዱ ግፊት ሳይበርድ ከበርሜሉ ይወጣና ሊቀደድ ይችላል፤ ትኩስ ጋዝና የናስ ስብርባሪ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ያ ባይሆን እንኳ ብረቱ በየተኩሱ አካሉን እየደበደበ ይሰነጥቀዋል። ጥይት ሲተኮስ የሚፈጠረውን ግፊት የሚያዘገየውን ነገር ማንም በመጋዝ አይቀንስም።

በቅቤ ወይም በኑግ ዘይት መቀባትም እንዲሁ ነው። ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፤ ከዚያ ይደርቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይዝጋል። በዋግ አቧራ ውስጥ አንድ በጋ የቆየ ቅቤ እንደ ሙጫ ይሆናል። የአጎቴን ማካሮቭ ፈትቼ ባጸዳው ቡናማ ዝቃጭ ወጣ፤ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በጨርቅ ነክቼ ስመልሰው አሳሳቡ በግልጽ ቀለለ።

አሳሳብም ትምህርት አለው። ብዙ ሰው የላይኛውን ብረት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ይስባል፤ ለቁርጥማተኛ ከዚህ የከፋ የለም። መዳፍን ከላይ ደፍቶ በአራቱ ጣቶች ብረቱን ማቀፍ፣ ክርንን ከጎን ማስጠጋት፣ ከዚያ ብረቱን ከመሳብ ይልቅ እጀታውን በያዘው እጅ ሽጉጡን ወደ ፊት መግፋት፤ ያኔ የሚሠራው ጣት ሳይሆን ትከሻ ነው። አፈሙዙ እንዳይዞር ሽጉጡን ማዞር ሳይሆን ገላን ማዞር ይገባል፦ ጎን ለጎን ቆሞ አፈሙዙ ምንጊዜም ወደ አፈር ግድቡ ወይም ወደ ድንጋዩ ግድግዳ እንዳየ። መምቻቸው በውጭ በሚታይ ሽጉጦች ላይ አስቀድሞ መምቻውን በአውራ ጣት መሳብ ሸክሙን ይቀንሳል፤ ብረቱ ያኔ የራሱን ሞላ እንጂ የመምቻውን ሞላ አይታገልምና። አጎቴ በሦስተኛው ሙከራ ሳቡት። «ለካ ጉልበቱ ከክንዴ ኖሯል!» አሉ።

በኮንትሮባንድ ስለሚገባው የቱርክ ሽጉጥም «አዲስ ነው፣ ለስላሳ ነው» ይባላል። ቱርክ ደህና ሽጉጥ ትሠራለች፤ በየመንገዱ የሚያዘው ሁሉ ግን ያ አይደለም፤ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረም አለ። የዚያ አካሉ ለስላሳ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን በአክብሮት የሚነገረው ምክር ነው፦ «አንቱ ማቀባበል ካቃተዎ አስቀድመው አጉርሰው ትራስ ሥር ያኑሩት።» የጎረሰ ሽጉጥ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ አራት ልጆች። እጁ የደከመ ሰው የጎረሰውን ማራገፍም እንደሚያቅተው ምክሩ ይረሳዋል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የጎረሰው ጎርሶ ይከርማል። ቶካሬቭ ከሆነ ደግሞ፣ የመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች ጭራሽ መቆለፊያ የላቸውም፤ መምቻው በግማሽ መያዣ ላይ ብቻ ይቆማል። በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ባዶ አድርጎ፣ ጥይቱን ለብቻው ማስቀመጥ ነው ያለው። ማቀባበል የማይቻለው ሰው ያንን ሽጉጥ ሊይዝ አይገባውም፤ ሌላ ይምረጥ ወይም ፈቃዱንና መሣሪያውን ይመልስ።

ስለ እጁም አንድ ነገር ልበል። «ቁርጥማት የደጋ ብርድ ነው፤ መድኃኒት የለውም» የሚለው አጎቴን ስንት ዓመት ከሐኪም አስቀርቷል። ብርድ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም። ቁርጥማት የምንለው በአንድ ስም የተጠራ ብዙ በሽታ ነው፦ በዕድሜ የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት አለ፤ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት የሚጀምር ሪህ አለ፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ሩማቶይድ አለ። ጠዋት ሁለቱም እጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቆ የሚቆይ ከሆነ ሩማቶይድ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት፤ መድኃኒት አለው፤ ከዘገየ ግን አንጓው ተጣምሞ ይቀራል። ከደሃና ሰቆጣ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስ ሄደው እንዲታዩ ይዣቸው ወረድኩ።

ሽጉጥ በፈቃድ የሚያወጣ እጁ የደከመ ሰው ከመቀበሉ በፊት የሚያደርገው ሙከራ አጭር ነው። ባዶ መሆኑን ሌላ ሰው አብሮ ይይለት። ግድግዳ ላይ በከሰል ነጥብ ያድርግ። አፈሙዙን ነጥቡ ላይ እንደያዘ አሥር ጊዜ ያቀባብል፣ ካዝናውን አሥር ጊዜ ይንቀል። ይህን ከሰዓት ሳይሆን በጠዋት፣ ገና እጁ ሳይፍታታ ያድርገው። በአሥረኛው አፈሙዙ ከነጥቡ ከሸሸ ያ ሽጉጥ ለዚያ እጅ አይሆንም።