ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ፦ ለልደት በዓል የሚሆን የእጅ ሥራ

ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት የሚታሰብበት ታላቅ በዓል ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደ መሰከረው፣ በቤተ ልሔም ግርግም ሕፃኑ የተጠቀለለው በጨርቅ ነበር። ከዚያ በቀር የነበረው ሙቀት፣ አበው እንደሚነግሩን፣ የእንስሳት እስትንፋስ ነው። ስለሆነም ልደትን ስናከብር ብርድና ጨርቅ የበዓሉ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸውን እናስተውላለን።

በመቱና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች ይህ ወቅት የቡና ለቀማው የሚገባደድበት፣ ቤተሰብም ለልጆች የበዓል ልብስ የሚያሰፋበት ነው። በየልብስ ሰፊው በረንዳ ከስፌት መኪናው ሥር ከቀሚሱ፣ ከሸሚዙና ከሱሪው የተረፈ ቁርጥራጭ ይከመራል። ብዙውም ተጠርጎ ይጣላል። በሌላ ወገን፣ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘውና ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎሬ የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። በደጀ ሰላም ለሚያድር ነዳይ የዚያ ሌሊት ርዝመት የሚለካው በሚደርበው ጨርቅ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ የሚጣለው ቁራጭና የሚበርደው ሰው፣ እንዴት ይገናኛሉ? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ነው።

አገራችን ከቁራጭ የተሰፋ ልብስን ታውቃለች፤ ስሙም ድሪቶ ነው። ቃሉ «ደረተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ጨርቅን በጨርቅ ላይ እየደራረቡ መስፋትን ያመለክታል። በአነጋገራችን ግን የድህነት ምልክት፣ አልፎም የመናቂያ ቃል ሆኖ ቆይቷል። ይሁንና ገጣጥሞ መስፋት በራሱ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። በበዓል ቀን የምንደርበው ጋቢ እንኳ ከሸማኔው እጅ በሙሉ ስፋቱ አይወርድም፤ በጠባቡ የተሸመነው ጎን ለጎን ተሰፍቶና ተደራርቦ ነው አራት ድርብ የሚሆነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 26 የተነገረውም ድንኳን 10 መጋረጃዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 28 ክንድ ርዝመትና 4 ክንድ ስፋት ነበረው። አምስት አምስቱ ተጋጥመው፣ ሁለቱ ወገኖች ደግሞ በ50 የወርቅ መያዣዎች ተያይዘው አንድ ማደሪያ ሆነዋል። የሚያጋጥማቸው ልካቸው ነበር። ድሪቶን ከመልካም ብርድ ልብስ የሚለየውም ልክ ነው እንላለን።

በሌላውም ዓለም ይህ ሥራ የከበረ ነው። በህንድ ካርናታካ ግዛት ሲዲ የሚባሉ፣ የዘር ግንዳቸው ከአፍሪካ የሚመዘዝ ሕዝቦች አሉ፤ ሐብሺ የሚለው ሌላው መጠሪያቸው የመጣው ሐበሻ ከሚለው ስም ነው። ሴቶቻቸው ከአሮጌ ልብስ ካዋንዲ የተሰኘ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ከዳር ጀምረው ወደ መካከል እየዞሩ ይሰፉና በአራቱ ማዕዘን ላይ አበባ ብለው የሚጠሩትን ትንሽ እጥፍ ጨርቅ ያክሉበታል፤ ይህ ከሌለው ልብሱ እንደ ዕርቃን ይቆጠራል። በአሜሪካ አላባማ ጂስ ቤንድ በተባለ መንደር የባሪያ ልጆች ልጆች የሆኑ እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶችም እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ እይታ ቀርበዋል።

አሠራሩ በየቤቱ የሚቻል ነው። አስቀድሞ ጨርቁን ሁሉ ማጠብ ያስፈልጋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተነገረው ምሳሌ ይህን የስፌት እውነት የያዘ ነው፤ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና አሮጌውን ይቀድደዋል። ከታጠበና በካውያ ከተተኮሰ በኋላ፣ ሁሉም በማስመሪያ እየተለካ በ8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይቆረጣል። ርዝመቱ እንደ ተገኘ ቢሆን ግድ የለም፤ ስፋቱ ግን እኩል ይሁን።

ቁራጮቹ ጫፍ ለጫፍ እየተሰፉ 48 ሜትር የሚሆን አንድ ረጅም ጥብጣብ ይወጣቸዋል። ከዚያ ጥብጣቡ እንዳይጠማዘዝ እየተጠነቀቁ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት፣ ፊቱን ከፊቱ አጋጥሞ አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው መስፋት፣ እጥፋቱንም በመቀስ መለየት ነው። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ረድፉ ሁለት ይሆናል። ይኸው ሥራ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ሲፈጸም ርዝመቱ ወደ 12፣ ወደ 6፣ ወደ 3፣ በመጨረሻም ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል፤ ረድፉ ግን 32 ይደርሳል። እያንዳንዱ ረድፍ ከስፌቱ በኋላ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሚቀረው፣ ስፋቱ 1.9 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሥሩ አቡጀዲ፣ ከመካከል የታጠበ አሮጌ ጋቢ ይነጠፍና ሦስቱ በየስንዝሩ በመርፌ ይያያዛሉ፤ ጠርዙም ይዘመዘማል። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አካባቢ ናትና፣ ጥጡ እርጥበት ይዞ እንዳይሻግት ሥራውን በበጋው ወራት መፈጸም ይመረጣል።

ውድ አንባብያን፣ ለነዳይ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ትርፍ ቢሆንም፣ ትርፉን መወርወርና ትርፉን ማዘጋጀት አንድ አይደሉም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ፣ መበለቶች ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ በእጇ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። ምስክር የሆነላት የተሰፋው ነገር ነው። ቁራጩ ሲታጠብ፣ ሲለካ፣ ጠርዙ ሲዘመዘም ተቀባዩ «አስበውልኛል» ይላል፤ ሳይታጠብ ሲወረወርለት ደግሞ የተጣለውን ነገር እንደ ተቀበለ ያውቃል።

ሥራው ለአንድ ሰው ረጅም ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እናት ብትቆርጥ፣ ልጅ ቢተኩስ፣ ጎረቤት ቢሰፋ ግን ይቀልላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የማኅበር እናቶችም ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጩን ለምነው ቢጀምሩት የበዓሉ ደስታ ከበዓሉ ቀን ያልፋል። በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን የምታከብር ቤት፣ በጨርቅ እጦት የሚንቀጠቀጠውን ታስበው ዘንድ ይገባታል።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።