ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት

ሰኞ ጠዋት ሰፈራችን ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ያላቸው እናት ደወሉልኝ። ኮምፒውተራቸው ሲከፈት ጥቁር ገጽ ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ ፋውንድ» የሚል ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ ብሏል። ደጃፋቸው ላይ ማመልከቻ የሚያስተይቡ ሰዎች ቆመዋል። «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ ተብያለሁ። የሰዉ ሁሉ ፋይል እዚያ ውስጥ ነው፤ ምን ይሻለኛል ልጄ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ማንም እንዳይነካው፤ መጣሁ» አልኳቸው።

ሃርድ ዲስኩ አልተቃጠለም ነበር። ምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ያን ጥቁር ገጽ ላስተዋውቃችሁ። ስንት ደህና ዕቃ በከንቱ የተጣለው፣ ስንት ሰነድም ያለ ጊዜው ፎርማት ተደርጎ የጠፋው ይህን ገጽ ማንበብ ባለመቻል ነው።

የማብሪያውን ቁልፍ ስንጫን ዊንዶውስ ገና የለም። ሃርድ ዲስኩ ላይ ተኝቷል፤ የሚቀሰቅሰው ይፈልጋል። ቀስቃሹ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ ድሮ ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። መጀመሪያ ፖስት የሚባለውን ፍተሻ ያካሂዳል፤ ሲፒዩውን፣ ራሙን፣ ስክሪን ካርዱን፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ያያል። ከዚያ ዲስኮቹን በተራ ያንኳኳል። ሲስተም ያለበትን ሲያገኝ ሥራውን አስረክቦ ዞር ይላል። ስለዚህ መክፈቻ ላይ የሚመጣ መልእክት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረን ማሽኑ የት ድረስ ተጉዞ እንደቆመ ነው። የእትዬ ኮምፒውተር «ቡተብል ዲቫይስ አላገኘሁም» ብሎ ሲጽፍ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሲፒዩው፣ ራሙና ስክሪኑ ሥራቸውን እንደሠሩም አብሮ ተናግሯል። እነሱን አልፎ ነው እዚያ የደረሰው።

መልእክቶቹ እንዲህ ቁጥብ የሆኑት በቦታ ጥበት ነው። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ያስተዋወቀው ኦገስት 12 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ሲሆን የዚያ ማሽን ባዮስ በጠቅላላው 8 ኪሎባይት ነበር። በዚህች ቦታ ማብራሪያ መጻፍ ስለማይታሰብ ማሽኑ በቁጥር ይናገር ነበር፤ 201 ራም፣ 301 ኪቦርድ፣ 601 ፍሎፒ። በዲስኩም በኩል ነገሩ ያው ነው። በድሮው አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ብቻ ሲሆን ለማስነሻው ኮድ የምትተርፈው 446 ባይት ናት። የስህተት መልእክቶቹም እዚያችው ውስጥ ይታጨቃሉ። «ሚሲንግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» የሚለው ሦስት ቃል ከዚያ ጠባብ ቤት ነው የሚወጣው።

ለብዙ ሰው የሚገርመው ደግሞ «ሪሙቭ ዲስክስ ኦር አዘር ሚዲያ» የሚለው ነው። በዚህ ጊዜ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ሳይሆን የተሰካው ፍላሽ ነው! ዊንዶውስ ፍላሽ ፎርማት ሲያደርግ መጀመሪያው ላይ ይህችን ዐረፍተ ነገር አስቀምጦ ይሄዳል። ባዮሱ ከሃርድ ዲስኩ በፊት ፍላሹን ካንኳኳ የሚያገኘው መልስ እሷን ነው። ፍላሹን ነቅሎ እንደገና ማስነሳት ይበቃል። እኔ መክፈቻ ላይ ያስቸገረ ኮምፒውተር ዘንድ ስደርስ ከማንኛውም ነገር በፊት የማየው ከፊትና ከኋላ የተሰካውን ነው።

ችግሩ ስክሪኑ ከመነሳቱ በፊት ከሆነ መጻፊያ ስለሌለ ማሽኑ ይጮሃል። በብዙ የድሮ ማሽኖች አንድ አጭር ጩኸት «ሁሉም ደህና ነው» ማለት ነው፤ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስክሪን ካርዱ ይጠቁማል። አንዳንዶቹ በጩኸት ፋንታ የማብሪያውን መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። ትርጉሙ ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ ቆጥሮ መጻፍ፣ ከዚያም የዚያኑ ሞዴል ማኑዋል ማየት ነው። በእጄ ካለፉት ውስጥ ግን የሚበዙት የራም ነበሩ። ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት፤ ራሙን ማውጣት፤ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት፤ ብናኙን ጠርጎ ሁለቱም ጎን «ቋ» እስኪል መልሶ መጫን። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ ሰክቶ በየተራ መሞከር የታመመውን ይለያል።

«ኪቦርድ ኤረር» ብሎ «ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫን» የሚለው መልእክት ሰውን ያስቃል፤ ኪቦርድ ከሌለ በምን ልጫን? ነገር ግን ትርጉም አለው። የላላውን ገመድ ሰክተህ ስትጫን ማሽኑ ኪቦርዱ መመለሱን ያረጋግጣል።

አሁን ወደ እትዬ ኮምፒውተር ልመለስ፤ መንገዱ ግን በአንዲት ባትሪ በኩል ነው። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዝለት ባትሪ አልነበረውም፤ በተከፈተ ቁጥር ተጠቃሚው ቀኑን ራሱ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤቲ የሚባለው ሞዴል በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ይዞ መጣ። በሰዓቱ ቺፕ ውስጥ የማሽኑን ሴቲንግ የምትይዝ 50 ባይት ማስታወሻም ነበረች። ዛሬ ማዘርቦርዱ ላይ የምናያት የሳንቲም ባትሪ የዚያ ዘር ናት። ሲአር2032 ትባላለች፤ ስሟ ልኳን ይናገራል፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ኃይሏ 3 ቮልት ነው።

ባዮሱ ሴቲንጉን ሲያስቀምጥ ደምሮ ድምሩንም አብሮ ይጽፋል፤ ሲነሳ እንደገና ይደምራል። ማታ ሒሳቧን ዘግታ ጠዋት ካዝናዋን ደግማ እንደምትቆጥር ገንዘብ ያዥ ማለት ነው። ባትሪዋ ደክማ ድምሩ ካልገጠመ «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ይልና ፋብሪካው ወደ ሰጠው ሴቲንግ ይመለሳል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው በድሮው የሌጋሲ አሠራር ከሆነና የፋብሪካው ሴቲንግ ዩኢኤፍአይ ብቻ ከሆነ፣ ባዮሱ ደህናውን ዲስክ እያየ «የሚነሳ ነገር የለም» ይላል። የሳንቲም ባትሪ አልቃ ሃርድ ዲስክ የሞተ ይመስላል።

እትዬ ቤት ደርሼ ኤፍ2 ተጭኜ ባዮስ ውስጥ ስገባ ከላይ ያለው ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ይላል። ዲስኩ ከነስሙና ከነመጠኑ ተመዝግቧል። ዐሥራ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ቀን ነገሩን ጨረሰልኝ። «ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔቱም አልከፍት እያለ ስለ ሰዓት ሲጨቀጭቀኝ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን ሰርተፊኬት ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ስለሚያይ አልቀበልም ይላል። ባትሪዋ ቀድማ አቤት ስትል ነበር።

ኮምፒውተር ቢጠፋም ገመዱ ኤሌክትሪክ ያለው ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሚሠራው በመስመሩ ነው፤ ባትሪዋ ታርፋለች። እኛ ዘንድ ግን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥል ብለን ማታ ማታ ዲቫይደሩን እናጠፋለን። ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራው ባትሪዋ ናት፤ ስለዚህ ቶሎ ትደክማለች። ቢሆንም ዲቫይደሩን ማጥፋቱን ተዉ አልልም። ባትሪ ከፓወር ሰፕላይ እጅግ ይረክሳል።

አንድ መልእክት ግን አለ፣ ስታዩት እጃችሁን ከሁሉም ነገር ሰብስቡ፤ «ስማርት ስታተስ ባድ፣ ባክአፕ ኤንድ ሪፕሌስ» የሚለው። ዲስኩ ራሱን መርምሮ እየደከመ መሆኑን ማሳወቁ ነው። ኤፍ1 ተጭኖ ማለፍ ይቻላል፤ ታዲያ የዚያን ቀን ሥራ መሆን ያለበት ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ብቻ ነው። ፎርማትም፣ ዊንዶውስ መጫንም አይነሣ።

ጽሑፉ ቶሎ እያለፈ ለማንበብ ካስቸገረ ስልካችሁን ወደ ስክሪኑ አዙራችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ከዚያ እያቆማችሁ አንብቡ። ለባለሙያ ስትደውሉም «አልነሳ አለ» ከማለት ቃሉን እንዳለ አንብቡለት፤ ምርመራው በስልክ ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

የእትዬን ባትሪ ቀየርኩ፣ ቀኑን ሞላሁ፣ መነሻውን ወደ ሌጋሲ መለስኩ። ዊንዶውሱ መጣ፤ ፋይሎቹ በየፎልደራቸው ነበሩ። ቆመው ለሚጠብቁት ሰዎች መተየብ ከመጀመራቸው በፊት እትዬ ከመሳቢያቸው ፕላስተርና እስክሪብቶ አወጡ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር «ባትሪ የተቀየረበት» ብለው ጽፈው ከኮምፒውተሩ ጎን ለጠፉት፤ ከሥሩም «ሌጋሲ» የምትለዋን ቃል ጨመሩ።