ስለ ሞተር ብስክሌት የኤሌክትሪክ ሶኬት

ሞተር ብስክሌት በመጀመሪያው ዘመን ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልለትን ብልጭታ ብቻ ስለ ነበረ፣ ይህንንም ማግኔቶ የተባለው መሣሪያ ያለ ባትሪ ያመነጭለት ስለ ነበረ፣ ለፊት መብራቱ እንኳ የካርባይድ ጋዝ ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ግን መንገድ የሚያመለክተው ስልክ፣ ጎማ የሚነፋው ፓምፕና በብርድ አገር የነጂውን እጅ የሚያሞቀው ጓንት ሁሉ ኃይላቸውን ከእርሱ ስለሚሹ፣ በመሪው አጠገብ አንድ ሶኬት ማስገጠም የተለመደ ሆኗል። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ሁለት ሽቦ ከባትሪ ከመሳብ የማያልፍ ንዑስ ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም የሞተሩን የኤሌክትሪክ ሥርዓት በሙሉ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ጠባዩን አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ ይገባል።

ከሶኬት ዓይነቶች መካከል ከመኪና የተወረሰው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት አፉ 21 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰፋ ብዙ ዓይነት ዕቃ ይቀበላል፤ ነገር ግን በንዝረት ብዛት መሰኪያው እየላላ ይወጣል። በቢ ኤም ደብልዩ ሞተሮች ላይ የሚታየው 12 ሚሊሜትር ያህሉ ጠባብ ሶኬት አጥብቆ ይይዛል። ለስልክ የሚበጀው ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መለወጫ በውስጡ ያለው የዩ ኤስ ቢ ሶኬት ነው።

ስለ አገጣጠሙ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ልናገርለት የምወደው ፊውዝ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ የተሠራው ስልኩን ለመጠበቅ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ታናሽ የምትመስለው የሞተር ባትሪ እንኳ ሁለቱ ዋልታዎቿ በቀጥታ ቢገናኙ ከመቶ አምፔር በላይ በቅጽበት ልትለቅ ስለምትችል፣ ልባሱ ተልጦ ከሻሲው ጋር የተነካካ ሽቦ በቤንዚን ታንክ ሥር ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ዘበኛ በግቢው በር እንጂ በእልፍኙ ውስጥ እንደማይቆም፣ ፊውዝም በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከሶኬቱ አጠገብ ቢቀመጥ ረጅሙ ሽቦ ያለ ጠባቂ ይቀራልና። ልኩም በሽቦው ውፍረት ይወሰናል፤ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ለሆነ ሽቦ የ10 አምፔር ፊውዝ ይስማማዋል፣ ይህም 120 ዋት ያህል ያሳልፋል።

ሶኬቱን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይቻላል፤ ነገር ግን የዩ ኤስ ቢው መለወጫ ስልክ ባይሰካበትም ጥቂት ኃይል መሳቡን አይተውም። 10 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስብ፣ 5 አምፔር ሰዓት የምትይዝ ባትሪ በሦስት ሳምንት ገደማ ባዶ ትሆናለች፤ ሞተር ማስነሳት የሚያቅታትም ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። መድኃኒቱ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል እየታዘዘ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው፤ እግሮቹም በቁጥር ይለያሉ። ከባትሪ በፊውዝ በኩል የመጣው ሽቦ በ30 ቁጥር ገብቶ በ87 ወደ ሶኬቱ ይወጣል፤ በ86 ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ ሽቦ፣ ለምሳሌ ከኋላ መብራቱ የተቀጠለ፣ ይገባል፤ 85ም ከነጌቲቭ ጋር ይያያዛል።

ዳሩ ግን ባትሪ ኃይልን ታስቀምጣለች እንጂ አታመነጭም፤ የሚያመነጨው ዲናሞው ነው፣ እርሱም የሚሰጠው በሞተሩ ዙር ልክ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና በመኪና መካከል ተጨናንቆ፣ በዝቅተኛ ዙር ቀኑን ሙሉ የሚያዘግም ዕቃ አድራሽ፣ በሰፊው አውራ ጎዳና ከሚገሰግሰው ይልቅ ከዲናሞው የሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ለስልክ የሚሆነው 10 ዋት ያህል ባይጎዳውም፣ በላዩ ተጨማሪ መብራት ሲቀጥልበት ነገሩ ይለወጣል። ማረጋገጫው ቮልት መለኪያ ነው። ያረፈች ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ታሳያለች፣ ሞተሩ ዙር ሲይዝም ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል፤ ዕቃው ሁሉ በርቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቁጥሩ ከ12.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪዋ ከምትቀበለው የምትሰጠው በዝቷል ማለት ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ የባትሪው ነጌቲቭ አስቀድሞ ይፈታል፣ በመጨረሻም ይታሰራል፤ ሻሲው ራሱ ነጌቲቭ ስለ ሆነ፣ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ ሻሲውን ቢነካ እሳት ይረጫል። ሽቦውም በመሪው አንገት በኩል ሲያልፍ በናስትሮ ተጠፍሮ ከታሰረ፣ መሪው በዞረ ቁጥር እየታጠፈ ልባሱ ደህና ሳለ መዳቡ በውስጡ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ሽቦው በሁለቱም በኩል ሳይወጠር መቅረቱን በእጅ እየዳሰሱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።