ለኮንግረስ አባል የላካችሁት ደብዳቤ ማን እጅ ይገባል?

እኛ ያደግንበት የማመልከቻ ወግ አለ፦ «ክቡር ሆይ» ብለን እንጀምራለን፣ ብሶታችንን ከሥሩ እንዘረዝራለን፣ ጥያቄያችንን መጨረሻ ላይ ጣል እናደርጋለን። አሜሪካ ላይ ግን ከጥያቄው ጀምሩ። ለምን? ነገሩ ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ደብዳቤውን ቀድሞ የሚያነበው የኮንግረስ አባሉ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮሌጅ ከጨረሰ ብዙም ያልቆየ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ አንዳንዴም ተለማማጅ ተማሪ። ይህ ልጅ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ሰውየው የእኛ ወረዳ ነዋሪ ነው? ምን እንድናደርግ ይፈልጋል? የተወካዮች ምክር ቤቱ 435 አባላት የሚቆጥሩት የየራሳቸውን ወረዳ ሰው ነው፤ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ምንም ቢያምር ወደ ጎን ይገፋል። ዜግነት ባይኖራችሁም በወረዳው እስከኖራችሁ ድረስ ወኪላችሁ የዚያው ወረዳ አባል ነው፤ ዚፕ ኮዳችሁን ሳታፍሩ ጻፉ።

ጥያቄው ደግሞ የሚመዘገብ ይሁን። «ለኢትዮጵያ አንድ ነገር ይደረግላት» ቢባል ልጁ ምን ብሎ ይያዘው? እ.ኤ.አ. በ2018 ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያሳለፈው ውሳኔ ኤች ሬስ 128 የሚል ቁጥር ነበረው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲኖር «ይደግፉ» ወይም «ይቃወሙ» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከዚያ የራሳችሁን አንድ ነገር ጨምሩ። ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ረቂቅ ከሆነ፦ «አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ። ረቂቁን እንዲደግፉ እጠይቃለሁ። ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ ሌሊት አንዱን ክንፍ ብቻዬን እይዛለሁ።» እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ግድ የለም! ከዋትስአፕ ተገልብጦ ከመጣ ጽሑፍ ይህ ይሻላል፤ ያኛው ከብጤዎቹ ጋር ተቆጥሮ ያልፋል።

የኢሚግሬሽን ፋይል ከቆመባችሁ መንገዱ ሌላ ነው። የኮንግረስ አባሉን የወረዳ ቢሮ ጠይቃችሁ የፈቃድ ቅጽ ፈርሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላዊነት ሕግ ስላለ፣ ያለ ፊርማችሁ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ስለ ፋይላችሁ ለቢሮው አይነግርም። ቢሮው «አጽድቁ» ብሎ ማዘዝ አይችልም፣ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። የሰፈር አውቶቡስ ፌርማታ ጉዳይ ከሆነማ ኮንግረስን ተዉትና ለካውንቲው ምክር ቤት ጻፉ።

ለዋሽንግተን ፖስታ ስትልኩም አስቡበት። እ.ኤ.አ. በ2001 አንትራክስ ያለባቸው ደብዳቤዎች ለሴናተሮች ከተላኩ ወዲህ ወረቀቱ ተመርምሮ ነው የሚገባው፣ ይዘገያል። ድምፅ የሚሰጠው በዚሁ ሳምንት ከሆነ በድረ ገጻቸው ቅጽ ላኩ፣ ወይም ደውሉ።