የመሪ መቅለልና የመሪ መታመን

አሮጌ መኪናዎን አሳድሰው ለረጅም መንገድ ሊያበቁት የሚያስቡ እንደሆነ፤ ከሁሉ አስቀድመው ስለ መሪው ይጠይቁ። ሞተር ቢደክም መኪናው ይቆማል። መሪ ቢያታልል ግን መኪናው አይቆምም፤ ጉዳቱም ከነጂው አልፎ በመንገድ ዳር ለሚሄደው ሰው ይተርፋል።

ለምሳሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 የተሠራውን ባለ 40 ቁጥሩን ቶዮታ ላንድክሩዘር እንመልከት። ቀደምቶቹ በዘይት የሚታገዝ መሪ አልነበራቸውም። ስለዚህ አዳሾች ከኋለኛው ባለ 60 ቁጥር ላንድክሩዘር የመሪ ሳጥን አውጥተው ይገጥሙላቸዋል። ርዳታው ራሱ የቆየ ጥበብ ነው፤ በዚሁ አቆጣጠር በ1951 የአሜሪካው ክራይስለር በቤት መኪና ላይ ለገበያ አቅርቦታል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። መሪውን ሲያዞሩ በሳጥኑ ውስጥ ያለች ቀጭን ዘንግ ትጠመዘዛለች፤ በመጠምዘዟም ልክ የዘይቱ በር ይከፈታል፤ ከፖምፓው በግፊት የሚመጣው ዘይትም ወደሚያዞሩበት ወገን ያግዛል። ይሁን እንጂ ፖምፓው ሳጥኑ ከሚፈልገው በላይ ዘይት ወይም ግፊት የሚሰጥ ሲሆን፤ መሪው በአንድ ጣት ይዞራል፤ ነጂውም መንገዱን በእጁ ማወቅ ያቆማል። የጎጃም ገበሬ እርፉን ጨብጦ ሲያርስ፤ ማረሻው ድንጋይ መንካቱን ዓይኑ ሳያይ እጁ ይነግረዋል። መሪም ለነጂ እንደ እርፍ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥተው በመራዊ አድርገው ወደ ዱርቤቴ፤ ከዚያም በዳንግላና በእንጅባራ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ሲጓዙ፤ በገበያ ቀን ሰውና ከብት የመንገዱን ዳር ይሞላዋል፤ በክረምትም አስፋልቱ ላይ ጭቃ ይወጣል። ጎማው መሬት መያዝ ሲሳነው አስቀድሞ የሚናገረው መሪው ነው። እርሱ ዝም ካለ ነጂው የሚያውቀው ከተንሸራተተ በኋላ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛ፤ ያረጀውን መለወጥ ነው። የመሪው ዘንጎች መጋጠሚያና የጎማው ኩሽኔታ ተበልተው ሳሉ ርዳታ ቢጨመር፤ ጉድለቱ ይሸፈናል እንጂ አይድንም። ሁለተኛ፤ ፖምፓው ለሳጥኑ የተሠራው ራሱ ይሁን፤ ካልሆነም የዘይቱ ፍሰትና ግፊት በባለሙያ ተለክቶ ይቀነስ። ሦስተኛ፤ የፊት ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ምን ያህል እንዳዘነበለ ይለካ። ከጥምዝ ሲወጡ መሪውን ወደ መካከሉ የሚመልሰው ይህ ማዘንበል ነው። ብዙ ማዘንበል መሪን ስለሚያከብድ፤ በዚህ መኪና ፋብሪካው የሰጠው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ርዳታ ከተገጠመ ግን ክብደቱ አያስቸግርም፤ ስለዚህ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ሽብልቅ አስገብቶ ወደ 3 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል። እጅግ ቢበዛ ደግሞ ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ አቀማመጥ ያበላሻል። አራተኛ፤ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ንፋስ እኩል ይሁን።

ሥራው ሲፈጸም በሰፊ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ይፈትኑት። ከጥምዝ ሲወጡ እጅዎን ሲያላሉለት መሪው በራሱ የሚመለስ፤ በቀጥታ መንገድም ያለማቋረጥ እርማት የማይፈልግ ከሆነ፤ ያን ጊዜ መኪናዎን ይዘው ወደ ዱርቤቴ ገበያ መካከል ቢገቡ አይሠጉም።